«አሞታል» ብሎ የሚደውለው ሰው

በየነ ጉሉማ በቅጥር ደብዳቤው ላይ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው። የበሽተኛ ካርድ ያወጣል፣ ይመልሳል፣ የጠፋውን ይፈልጋል ይላል ደብዳቤው። ከሮቤ ወጣ ብሎ ባለ፣ ስሙን ብንተወው በሚሻል አንድ ሆስፒታል ውስጥ ግን በየነ ካርድ ሲያወጣ ከታየ ሰባት ዓመት አልፎታል። የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ በየትኛውም ደብዳቤ ላይ ያልሰፈረ። በሽተኛ ሲሞት ለቤተሰቡ የሚደውለው እሱ ነው።

እንዴት እሱ ላይ እንደወደቀ ልንገራችሁ። አንድ ጠዋት ከሌላ ክልል የተመደበ ወጣት ሐኪም ስልክ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ይዞ ወደ ካርድ ክፍሉ መጣ። ሟቹ የደሎ መና ሰው ነው፤ ሚስቱ አማርኛ አትሰማም፤ ሐኪሙ ደግሞ ኦሮምኛ አይችልም። «አንተ ሁለቱንም ትችላለህ አሉኝ። ባሏ መሞቱን ንገርልኝ» አለና ወረቀቷን በመስኮቱ አሳልፎ ሰጠው። በየነ ስልኩን አነሳ። ሲጠራ እየሰማ ሳለ ነው ነገሩ የገባው። መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? እሱ ባደገበት ሰፈር መርዶ በማለዳ ነው፤ መጀመሪያ ሽማግሌዎች ጎረቤት ቤት ይሰበሰባሉ፣ የሚደግፍ ሰው ይዘጋጃል፣ ከዚያ ነው በር የሚንኳኳው። ይቺ ሴት አሁን እሳት አጠገብ ትሁን ገደል አፋፍ ማን ያውቃል? ሴትዮዋ «ሄሎ» ስትል የበየነ አፍ በራሱ ጊዜ ሌላ ነገር ተናገረ። «ትንሽ አሞታል። ጠንከር ብሎበታልና ሰው ይዘሽ ነይ» አላት።

ከአራት ሰው ጋር መጣች። በየነ ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጡትን ነጥሎ ወደ ዳር ወስዶ ነገራቸው፤ እሳቸው ደግሞ በወጉ ነገሯት። ሲሄዱ ሽማግሌው ትከሻውን ስመው መረቁት። ወሬው አለቆቹ ጆሮ ደረሰ። «በየነ ይችልበታል» ተባለ። መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ክፉ ሥራ ትችልበታለህ መባል ምን ዓይነት እርግማን እንደሆነ በየነ ያኔ አላወቀም። በሳምንቱ ለብቻው ጠረጴዛ ተሰጠው፤ በወሩ የስልክ መስመር ገባለት።

ነገሩን ያከበደው ደግሞ ሰዎቹ የሚያመጡት ነው። እሱ «አሞታል» ስለሚል፣ ለታመመ ሰው የሚወሰደውን ሁሉ ይዘው ይመጣሉ። የደሎ መና ሰው የሳነቴን አምባ ብርድ በአውቶቡስ አቋርጦ ማር ይዞ ይመጣል። የጎሮ ሰው ወተት በጮጮ ሞልቶ፣ የገንፎ ዱቄት ቋጥሮ፣ ብርድ ልብስ አንጠልጥሎ ይመጣል። ከዚያ ይነገረዋል። ከተለቀሰ በኋላ ያን ሁሉ ይዞ መመለስ የሚፈልግ የለም፤ በበየነ ጠረጴዛ ላይ ይተዉለታል። «አንተ ብላው፤ ደክመህልናል» ይሉታል። ዘበኞቹና የጽዳት ሠራተኞቹ ይካፈሉታል። በየነ ራሱ ድሮ ማር ሲያይ ልጅ የሚሆን ሰው ነበር። አንድ ቀን ሚስቱ ምኞት ማር በዳቦ ብታቀርብለት ተነስቶ ጓሮ ወጣና እዚያው ቆሞ ቀረ።

ዘመዶቹም ከድምፁ ጋር ተጣልተዋል። ጎሮ ያለችው እህቱ ስልኩን አንስታ የእሱን ድምፅ ከሰማች ከሰላምታው በፊት «ማን ሞተ?» ብላ ትጮሃለች። እናም መጀመሪያ «ሁላችንም ደህና ነን» ማለት ለመደ፤ ከዚያ ነው «አካም ጅርታ» ብሎ ሰላም የሚላት። ጭራሽ የባሰው ግን በልጁ በዮዲ የመጣው ነው። ልጅቷ ጉንፋን ይዟት ከትምህርት ቤት ቀድሞ ወደ ቤት አምጥቷት ነበር። ምኞት ጎባ ገበያ ውስጥ ነች። ደወለላትና ሳያስበው «ዮዲን ትንሽ አሟታል፤ ነይ» አላት። ሰውየው እንዲህ ብሎ መናገር የለበትም ነበር፤ ምን ታደርጉታላችሁ፣ አፉ ለምዷል። ምኞት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ሦስት ጎረቤት አስከትላ፣ እያለቀሰች ደረሰች። ዮዲ አፍንጫዋን እየጠረገች ዳቦ ስትበላ አገኘቻት። ምኞት ልጇን ሳይሆን ባሏን ያዘች፤ ደረቱን በሁለት እጇ እየደበደበች «ሁለተኛ እንዲህ ብለህ እንዳትጠራኝ!» አለችው። ጎረቤቶቹ መሳቅ ጀመሩ፣ ኋላ ግን የበየነን ፊት ሲያዩ አቆሙ። ያን ሳምንት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኑ አልዞረም። የሠራተኛ ሚኒባስ ሲመጣ ሁሉን አስቀድሞ መጨረሻ ላይ ይወጣል፤ ቢሮ ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረዋል።

የሠራተኞች ሥነ ልቦናዊ ደህንነት ሥልጠና የሚባለው የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሮቤ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ሁለት ቀን፣ ምሳና ሻይ ያለበት። ሰው ሁሉ ለምሳው እንጂ ለሥነ ልቦናው አልመጣም፤ ይህን ብናገር ማንም አይቀየመኝም። አሠልጣኟ ከአዳማ የመጣች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። መጀመሪያ ቅጽ አደለች። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ አጥተዋል? ያለ ምክንያት ልብዎ ይመታል? ወደ ሥራ መሄድ ያስፈራዎታል? መልሱ «ፈጽሞ»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «ብዙ ጊዜ»፣ «ሁልጊዜ» ነው። ከበየነ ጎን የተቀመጠው የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ሁሉንም «ፈጽሞ» ላይ ምልክት አድርጎ ጨረሰና የበየነን ወረቀት አየ። «አብደሃል? አለቆች ቢያዩትስ?» አለው በሹክሹክታ። በየነ አሥራ አራቱንም ጥያቄ «ሁልጊዜ» ላይ ነበር ያደረገው። ደክሞት ነው እንጂ ጀግንነት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ አሠልጣኟ ዓይናችሁን ጨፍኑ አለች። ደስ የሚላችሁን ቦታ አስቡ፣ ነፋሱን ስሙ፣ አየሩን ሳቡ። በየነ ጨፈነ። ደስ የሚለው ቦታ ሳነቴ ነው፤ ያ ሜዳ፣ ያ ጭር ያለ ብርድ፣ በልጅነቱ አባቱ አሳይቶት ከልቡ ያልወጣ። ሜዳውን አገኘው። አየሩንም ሳበ። ደስም ሊለው ጀመረ። ከዚያ ከደሎ መና በኩል አንድ አውቶቡስ ብቅ አለ። መስኮቱ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች በሙሉ ያውቃቸዋል፤ የደወለላቸው ናቸው። ማር ይዘዋል። ዓይኑን ሲገልጥ አሠልጣኟ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ ፊቱ በእንባ ርሷል።

ሴትዮዋ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ዝም ብላ አላለፈችውም። በሻይ ሰዓት ጠርታ አነጋገረችው፣ ቅጹንም አየች፣ ከዚያም በራሷ እጅ ጽፋ «ይህ ሠራተኛ ከዚህ ሥራ ላይ በአስቸኳይ ሊነሳ ይገባል» ብላ ፈረመችበት። በየነ ወረቀቱን ይዞ የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊው አቶ ኃይለልዑል ዘንድ ሄደ። አቶ ኃይለልዑል መጥፎ ሰው አይደሉም። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«እውነቷን ነው» አሉ። «እኔ ብሆን አንድ ወርም አልቆይም ነበር።»

«እንግዲያውስ ያንሱኛ፣ ጋሼ።»

«አንስቼህ ማንን ላስቀምጥ? በዚህ የሥራ መደብ ላይ ሰው ልቅጠር ብል፣ መደቡ የለም። አንተ እኮ በወረቀት ካርድ ክፍል ነህ። ከሌለህበት ቦታ እንዴት ብዬ ነው የማነሳህ?» አሉና ራሳቸውም ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ጠፋ። «ታገሠኝ። አንድ መላ እፈልጋለሁ።»

ፈለጉም። ለካርድ ክፍሉ አዲስ ሠራተኛ ተቀጠረች፣ ለሊሴ የምትባል፣ ሁለቱን ቋንቋ እንደ ውሃ የምትናገር። ሦስት ወር ፈጀ እንጂ ደብዳቤው ወጣ፤ ከሰኞ ጀምሮ ለሊሴ በስልኩ፣ በየነ በካርዱ። ምኞት ደብዳቤውን ተቀብላ አነበበች፣ አጥፋ መልሳ ዘረጋችው፣ ደግማ አነበበች። «ሰኞ» አለች። ከዚያ በፊት የቀረው አርብ ብቻ ነበር።

አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በየነ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ወረቀት ጠበቀችው። ሂካ ጉርሜሳ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ። ሮቤ አካባቢ የስንዴ አጨዳ ላይ በኮምባይነር ጆንያ ይይዝ የነበረ ነው። ከጓደኛው ጋር በሞተር ሳይክል ሲመለስ ተጋጭቶ ማታ መጣ፤ ሊነጋ ሲል አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አረፈ። አባት፦ ጉርሜሳ፣ ጎሮ። ስልክ ቁጥር። ሌላ ሰው መደወል ይችል ነበር፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ሬሳው የበየነን መምጣት ጠበቀ።

ደወለ። «ኦቦ ጉርሜሳ፣ አካም ቡልተን። ሂካን ትንሽ አሞታል፤ እኛ ጋ ነው ያለው። ሰው ይዘው ይምጡ።» አባትየው «በጣም ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። «ትንሽ ጠንከር ብሏል» አለ በየነ። ስልኩ ሲዘጋ የመጨረሻዬ ናት ብሎ አሰበ፤ እንዲያውም ቀለል አለው። ይህን በኋላ ለምኞት ሲነግራት አፍሮ ነው።

ሽማግሌው የደረሱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ለብቻቸው። ሰው ሁሉ አጨዳ ላይ ስለሆነ የሚከተላቸው አላገኙም። የሚነግራቸው ዘመድ የለም፣ የሚደግፋቸው የለም። በየነ ምን ያድርግ? ሁለት ዘበኞችና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ጠርቶ እንደ ዘመድ በዙሪያቸው አቆማቸው። ራሱ ነገራቸው። አለቀሱ፤ ዘበኞቹም አብረው አለቀሱ። ሲበርድላቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ከጋቢያቸው ሥር በፎጣ የተቋጠረ ብር አውጥተው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ማሳከሚያ ነበር» አሉ። «ስትደውልልኝ እጄ ላይ ምንም አልነበረኝም። የምትታለበውን ላሚቱን ገበያ ነድቼ ሸጥኳት።»

ላሚቱን ያሸጠው እሱ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ ስንቱ እንዲህ ሸጦ መጥቶ ይሆን? አንድም ቀን አልጠየቀም።

«ኢልማ ኮ» አሉት ሽማግሌው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንድ ነገር ንገረኝ። ላሚቱን ስሸጥ ሂካ በሕይወት ነበር?»

እውነቱ አጭር ነው። አልነበረም። ስደውልልዎትም አልነበረም። ይህን ቢል፣ በሞተ ልጅ ላም አሸጥኩዎት ማለት ነው፤ ሽማግሌውም ለሬሳ ገበያ የወጡ ሞኝ ሊሆኑ ነው። በየነ ለሳቸው አዝኖ ነው ወይስ ለራሱ ፈርቶ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሁለቱም ነው እላለሁ።

«ነበር» አለ። «በሕይወት ነበር፣ ኦቦ።»

ሽማግሌው የፎጣውን ቋጠሮ መልሰው አጠበቁት። ከዚያ እጃቸውን አንስተው ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ገዢው በዋጋ ጨቀጨቀኝ» አሉ። «እኔም እልህ ያዘኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ተከራከርኩ። ባለው ሰጥቼው ብመጣ ኖሮ እደርስበት ነበር ማለት ነው? በዓይኑ ያየኝ ነበር?»

በየነ አፉን ከፈተ። ያኔ አስከሬኑ መጣ፣ መኪናው ተጠጋ፣ ዘበኞቹ ሽማግሌውን በብብታቸው ይዘው አነሷቸው። በሩ ተዘጋ።

ሰኞ ካርድ ክፍል ገባ። ጠረጴዛው ላይ ስልክ የለም። ምኞት ማታ ማታ ዓይኑን እያየች «እንዴት ነህ?» ትለዋለች፤ «ደህና ነኝ» ይላል። በሚቀጥለው አርብ እኩለ ቀን አካባቢ የራሱ የእጅ ስልክ ጮኸ።

«ጉርሜሳ ነኝ» አሉ፤ ቁጥሩን ከዘበኞቹ ተቀብለው ኖሯል። ከኋላቸው ከብት ያገሳል። «ጎሮ ገበያ ነኝ። ላሚቱን የሸጥኩበት ቦታ ቆሜ ነው። ልጄ እኔን ጠርቶ ነበር?»

«አልጠራም፣ ኦቦ። እንቅልፍ ወስዶት ነበር» አለ በየነ። ጥሩ የመለሰ መስሎት ነበር።

በሳምንቱ ደግሞ ደወሉ። እንቅልፉ ስንት ሰዓት ላይ ያዘው? በየነ አራት ሰዓት አለ። ሽማግሌው ሰዓቱን ከገበያው ጋር አስተያዩ፤ አራት ሰዓት ላይ ገዢው የላሟን ጥርስ እያየ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ ውሃ ጠምቶት ነበር ወይ አሉ። አንዱን ውሸት ለማስታገስ የተናገረው ሁሉ ሌላ ጥያቄ ወለደ፤ በየነ በየሳምንቱ ለሞተው ልጅ ግማሽ ቀን ዕድሜ እየቀጠለለት፣ አባቱን እያቃጠለ ሄደ። አቶ ኃይለልዑልን ቢያማክር «ከስልኩ ተነስተሃል እኮ፤ አታንሳው» አሉት። የአሠልጣኟን ቁጥር ቢሞክር ጥሪ አይቀበልም። ለሊሴ በመስኮቱ ብቅ ብላ «ጋሼ በየነ፣ ዛሬ ሦስት ደወልኩ» ብትለው ካርድ የሚፈልግ መስሎ ወደ መደርደሪያው ዞረ። «ንገራቸው» አለችው ምኞት። «እውነቱን ንገራቸውና ሁለታችሁም ዕረፉ።»

በአምስተኛው አርብ ካርዱን አወጣ። አሁን ካርድ ማውጣት ሥራው ነው። ሂካ ጉርሜሳ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ፤ ከሥሩ የሐኪሙ ፊርማ አለ። ካርዱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ስልኩን ጠበቀ። እኩለ ቀን ላይ ጮኸ።

«ኦቦ ጉርሜሳ፣ ይስሙኝ» አለ ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ። «ዋሽቼዎታለሁ። ሂካ የሞተው ሊነጋ ሲል ነው። እኔ ከመደወሌ በፊት። ላሚቱ ገና ከበረት ሳትወጣ። አልዘገዩበትም። በክንፍ ቢመጡም አይደርሱበትም ነበር። ካርዱ እጄ ላይ ነው፤ ላንብብልዎት።» አነበበላቸው። ሰዓቱን ሁለት ጊዜ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም አነበበው። ደረቱ ከሰባት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፋ አለለት።

ገበያው በስልኩ ውስጥ ይንጫጫል። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንተ ደግ ልጅ ነህ» አሉ። «ሽማግሌ በጸጸት እንዳይሞት ብለህ ሰዓቱን ወደ ኋላ መለስክልኝ። ይገባኛል። እኛም ያዘነ ሰው የምናጽናናው እንዲሁ ነው።»

«ኧረ እውነቴን ነው! በእናቴ! ሐኪሙ ፈርሞበታል እኮ!»

«ሐኪሙም ይባረክ። ለእኔ ብላችሁ ወረቀት ድረስ ደከማችሁ።» ድምፃቸው ለስለስ አለ፤ ልጅ የሚያባብሉ ይመስላል። «አታልቅስ፣ ኢልማ ኮ። የዘገየሁት እኔ ነኝ፤ አንተ ምን አጠፋህ? ስለ ሂካ የማወራው ሰው ከአንተ ሌላ የለኝም። ገለቶሚ፣ አመሰግንሃለሁ። በሚቀጥለው ገበያ እደውልልሃለሁ።»